የደሴው ብርማ ፕሌይስቴሽን፦ ቀለሙ ለምን ደፈረሰ፣ በምንስ ዳነ

ጉዳዩ ደሴ ውስጥ ያለ አንድ ጌም ቤት ነው። አራት ፕሌይስቴሽን 4 ስሊም፣ አራት ቴሌቪዥን፣ ግድግዳውን ይዞ የተዘረጋ አግዳሚ ወንበር። ከማሽኖቹ አንዷ ከሌሎቹ ቀድማ የተገዛች ናት። ውስጧ ጤነኛ ነው። ማራገቢያዋ አይጮህም፣ ሲዲ ታነባለች፣ ጨዋታ መሃል አትጠፋም። ላይዋ ግን አልቋል። ጥግ ጥጉ ተፍቋል። ክዳኑ ላይ የቁልፍ ጭረት አለ። ስቲከር ተለጥፎ የተላጠበት ቦታ ማስቲሹ ቀርቶ አቧራ ይዟል። ፓስቲ በልቶ ያልታጠበ እጅም የራሱን አሻራ ትቷል።

ባለቤቱ ወጣት ነው፤ ቤቱን ንጹሕ አድርጎ መያዝ ይወዳል። ማሽኗን ብርማ ሜታሊክ ማድረግ ፈለገ። ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። ሶኒ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2017 ወርቃማና ብርማ ስሊም አውጥቶ ነበር። ለፕሌይስቴሽን 5ም ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ሜታሊክ ሽፋኖችን ለብቻ ይሸጣል። የፕሌይስቴሽን 5 ሽፋን ግን በእጅ ተነቅሎ በእጅ ይገጠማል። የስሊም እንዲያ አይደለም። ቀለሙን መለወጥ የፈለገ ማሽኑን ፈቶ መቀባት አለበት።

እኔ ጌምና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ። ማሽኗን የፈታሁትም የገጠምኳትም እኔ ነኝ። የቀባት ግን የመኪና ቀለም ባለሙያ ነው፤ ዕድሜውን በዚህ ሥራ ያሳለፈ፣ እጁ የሚታመን ሰው። የመጀመሪያው ቅብ ተበላሸ። ሁለተኛው አማረ። በሁለቱ መካከል የሆነውን በዝርዝር የምጽፈው፣ ሜታሊክ ሲበላሽ ሁሉም ሰው ቀለሙን ስለሚወቅስ ነው። እዚህ ቀለሙ ምንም ጥፋት አልነበረበትም። በሁለቱም ጊዜ የተቀባው ብርም ያው አንድ ዓይነት ነበር። ልዩነቱን ያመጡት ቀለሙ የሚቀጥንበት ቲነር፣ የዕለቱ አየርና የእጅ አጣጣሉ ናቸው።

የመጀመሪያው ቅብ

ወሩ ነሐሴ ነበር። ደሴን የሚያውቅ ነሐሴን ያውቃል። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ፒያሳን ይሸፍናል፤ ረፋድ ላይ ትንሽ ይነሳና ከሰዓት ተመልሶ ይመጣል። ጋራዡ ጣራው ቆርቆሮ፣ አንዱ ጎኑ ክፍት የሆነ መጠለያ ነው።

ባለቤቱ ቸኩሏል። ለአዲስ ዓመት የፊፋ ውድድር አዘጋጅቷል፤ የፍጻሜው ጨዋታ በዚህች ማሽን እንዲሆን ይፈልጋል።

«ጋሼ፣ ለውድድሩ ይደርስልኛል?» አለው።

ቀቢው ክዳኑን በጥፍሩ ቆርቆር አድርጎ አየው። «አብሽር ልጄ። ይሄ ከባምፐር አይከብድም። ነገ ከሰዓት መጥተህ ውሰድ።»

ሥራው እንዲህ ሄደ። ሽፋኖቹን በናይትሮ ቲነር በራሰ ጨርቅ ጠረጋቸው። ግራጫ ፕራይመር፣ ከቀለም በፊት የሚገባውን ሥረ ቀለም፣ ነፋባቸው። ቀጥሎ ብሩን ቀባ፤ ከሥር ያለው ግራጫ ቶሎ እንዲሸፈን ብሎ ወፈር አድርጎ ነው ያወረደው። በመጨረሻ ከላይ የሚመጣውን ቀለም የለሽ ሽፋን፣ ትራንስፓረንቱን፣ ያንኑ ናይትሮ ቲነር ቀላቅሎ ደረበበት።

ትራንስፓረንቱ እንደወረደ ክዳኑ ውሃ የተኛበት መስሎ አበራ። ሁላችንም ደስ አለን። ብዙ ሳይቆይ ከአንዱ ጥግ ነጭ ነገር ጀመረ። መጀመሪያ ትንፋሽ ያረፈበት መስታወት መሰለ። ቀስ እያለ ወደ መሃል ገባ። ቀቢው በጣቱ ሊነካው እጁን ሰደደና መለሰው። እስኪደርቅ ስንጠብቅ ብሩ ወተት የፈሰሰበት አመድ ሆኖ ቀረ።

በማግስቱ ብርሃን ላይ አውጥተን ስናየው ጉዳቱ አንድ ብቻ አልነበረም። ከነጩ ጉም ሥር ደመና ደመና የሚመስሉ ጠቆር ያሉ ቦታዎች አሉ፤ በተለይ የክዳኑ መሃል ላይ። የኋላው ጥግ ላይ ደግሞ የሸረሪት ድር የመሰለ የጭረት መረብ ወጥቷል። ጥፍር ሲሄድበት ይሰማል።

ውድድሩ በሌላ ማሽን ተካሄደ።

ሦስቱ ጉዳቶች ከየት መጡ

ከቀላሉ ልጀምር። የሸረሪት ድሩ የቲነር ሥራ ነው። የዚህ ዓይነት ዕቃዎች ሽፋን በአብዛኛው ኤቢኤስ የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ወይም የእሱ ቅልቅል ነው። ኤቢኤስ ውሃንና ሳሙናን ይችላል፤ አልኮልንም ለአጭር ጥረጋ ይችላል። አሴቶንን ግን አይችልም፤ ይሟሟል። ናይትሮ ቲነር ውስጥ ደግሞ አሴቶንና መሰሎቹ በብዛት ይገባሉ። መኪና ላሜራ ላይ ቲነር ቅባቱን ያጠራል፣ ብረቱን አይነካም። ፕላስቲክ ላይ ግን ራሱን ዕቃውን ያለሰልሰዋል። የለሰለሰው ገጽ ቀለም ከተጫነው በኋላ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጥግ ላይ የባሰው ጨርቁ እዚያ ደጋግሞ ስለታሸበት ነው።

ለዚህ መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ሳሙና ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል አንድ ጊዜ መጥረግ። ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ አለመንካት። በቃ።

ደመናው የሜታሊክን ባሕርይ ካልተረዱ አይገባም። ሜታሊክ ውስጥ የሚያበራው እውነተኛ ብረት ነው፤ እጅግ የደቀቀ የአሉሚኒየም ቅርፊት። የአንዷ ስፋት ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 30 ማይክሮን ቢሆን ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ ስለሆነ፣ ቅርፊቷ ከፀጉርም ታንሳለች ማለት ነው። ቀለሙ እርጥብ እያለ ቅርፊቶቹ ፈሳሹ ውስጥ ይዋኛሉ። ቲነሩ ሲተን ሽፋኑ እየሳሳ ይሄድና ቅርፊቶቹን ተጭኖ ያስተኛቸዋል። እንደ ጣራ ቆርቆሮ ተነባብረው ሲተኙ ብርሃኑን በአንድነት ይመልሱታል። ብረት የሚመስለው ያኔ ነው።

ቀለሙ ወፍሮ ከወረደ ለመድረቅ ይዘገያል። ቅርፊቶቹ መዋኛ ጊዜ ያገኛሉ። አንድ ቦታ ይከማቻሉ፣ ሌላ ቦታ ይሳሳሉ፣ አንዳንዶቹም ዘመም ብለው ይቀራሉ። ያን ጊዜ ገጹ ዥንጉርጉር ይሆናል። ቀለሙ ከሩቅ፣ ግማሽ ደርቆ ከደረሰ ደግሞ ቅርፊቶቹ ሳይተኙ ይቀራሉ፤ ገጹ ሻካራና አሸዋማ ይሆናል። ስለዚህ ሜታሊክ የሚቀባ ሰው ቀለም ማዳረስ ብቻ አይደለም ሥራው። ቅርፊት እያስተኛ ነው። ከሜታሊኮች ሁሉ ደግሞ ይህን ጥፋት አጉልቶ የሚያሳየው ነጣ ያለው ብር ነው። ጠቆር ያሉት፣ የከሰልና የቡና ቀለም ያላቸው፣ ብዙ ይሸፍናሉ። ወጣቱ የመረጠው ከሁሉ ከባዱን ነበር።

ሦስተኛው ጉዳት፣ ነጩ ጉም፣ እኔን ከሁሉ ያስገረመኝ ነው። ቲነር ሲተን ሙቀት ይወስዳል። አልኮል እጅ ላይ ሲፈስ የሚቀዘቅዘው ለዚህ ነው። ናይትሮ በጣም ፈጣን ስለሆነ የቀለሙን ገጽ በደቂቃ ውስጥ ከአየሩ በታች ያቀዘቅዘዋል። አየሩ እርጥብ ከሆነ ውሃው ቀዝቃዛው ገጽ ላይ ጤዛ ሆኖ ያርፋል። ጤዛው ያረፈው ግን ገና ባልደረቀ ሽፋን ላይ ነው። ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከቀለሙ ጋር አይስማማምና ሽፋኑን ያደፈርሰዋል። ነጩ ነገር አቧራ አይደለም፣ ቆሻሻም አይደለም። እዚያው ደሴ አየር ላይ የነበረ ጉም ነው፣ ቀለሙ ውስጥ ታስሮ የቀረ።

እዚህ ላይ ለቀቢው ፍትሕ ልስጠው። ፈጣን ቲነር የመረጠው ከግዴለሽነት አይደለም። ብርድ ሲሆን ፈጣን ቲነር፣ ሙቀት ሲሆን ዘገምተኛ ቲነር የሚለው ደንብ በየትኛውም ጋራዥ አለ፤ ትክክልም ነው። ደንቡ የተሠራው ግን ብርዱ ደረቅ ሲሆን ነው። የነሐሴ ደሴ ብርድም አለው፣ እርጥበትም አለው። ፈጣን ቲነር ስትጠቀም ጤዛው ይይዝሃል። ጤዛውን ለማምለጥ ዘገምተኛ ስታደርገው ብርዱ ማድረቁን ያጓትተውና ቅርፊቶቹ ይዋኛሉ። ሁለቱም በር ዝግ ነው። በዚያ ወር፣ በዚያ ክፍት መጠለያ፣ ያንን ብር ማንም ቢቀባው ንጹሕ አይወጣም ነበር ብዬ አምናለሁ። ዕቃውንና አየሩን ማሞቅ የሚችል ዝግ ክፍል ቢኖር ነገሩ ሌላ ነው። ያ አልነበረም።

ነጩን ጉም አንዳንድ ጊዜ ማዳን ይቻላል። ዘገምተኛ ቲነር በስሱ ይነፋበትና ሽፋኑ እንደገና ሲለሰልስ የታሰረው ውሃ ይወጣል። ቀቢው ይህን ያውቃል። ሊሞክረውም ተነስቶ ነበር። ከሥር ያለው ደመናና የተሰነጠቀው ፕላስቲክ ግን በዚያ አይድንም። ስለዚህ ሁሉንም ልጦ እንደገና ለመጀመር ተስማሙ። ክፍያ ሳይጨምር።

መላጡ

በቲነር መላጥ አይታሰብም። በብርጭቆ ወረቀት ነው የተላጠው፣ በሳሙና ውሃ እየራሰ። የተሰነጠቀው ጥግ በሻካራው 320 ቁጥር ታሸ። ሌላው በ400 ተጀምሮ በ600 አለቀ። ደረቅ ቢታሸ አቧራው ሳንባ ይገባል፤ ፕላስቲኩም ይሞቅና ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ይለጠፋል። ሥራው አድካሚ ነው። በተለይ ሽፋኑ የሚታጠፍበት ጠርዝ ላይ ትንሽ ከበዛ ቅርጹ ይበላል። ባለቤቱ ራሱ ቁጭ ብሎ ነው ያሸው፤ ጌም ቤቱ ሰው በማይበዛበት ጠዋት ጠዋት።

እኔ በዚያ ጊዜ ውስጡን አጸዳሁ። ክፍት ሆኖ ሳለ ማራገቢያውን ጠርጎ፣ የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባቱን መቀየር ከቀለሙ የበለጠ ዕድሜ ይሰጣል። ለቀለም ብሎ ማሽን የሚፈታ ሁሉ ይህን ሳያደርግ አይግጠም። የኃይል ሳጥኑን ግን ማንም ዝም ብሎ አይክፈት። ከሶኬት ተነቅሎም የሚጎዳ ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ኮምቦልቻ

ኮምቦልቻ እንሂድ ያለው ቀቢው ነው። ሐሳቡ ከቀላል ነገር ተነሳ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ኮምቦልቻ 1850 ገደማ ላይ ናት። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። በየ1000 ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ልዩነት ስላለ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ቦርከና ሜዳ ላይ የሚደርስ ሰው 4 ዲግሪ ያህል የሚሞቅ አየር ያገኛል። ሲሞቅ ደግሞ ያው አየር ደረቅ ይሆናል። ወሩም ጥቅምት ገብቷል፤ ዝናቡ ወጥቷል። ደሴም በጥቅምት ይቀባል፣ አልክድም። ቀቢው ግን አንድ ጊዜ ተቃጥሏል፤ ለሁለተኛ ጊዜ ዕድል መስጠት አልፈለገም።

ሽፋኖቹ በንጹሕ አንሶላ ተጠቅልለው በካርቶን ሆነው በሚኒባስ ወረዱ። ጋራዡ የቀቢው ወዳጅ ንብረት ነው። በሚሌ መንገድ የሚመላለሱ የጭነት መኪናዎች ይቀቡበታል። በር አለው፣ ግድግዳ አለው፣ አየር የሚስብ ማራገቢያ አለው። ለዚህ ሥራ ይኸው ነው የሚያስፈልገው።

ከሁሉ በፊት አንድ ፈተና አደረገ። እርጥብ ጨርቅ ይዞ አንድ ላሜራ ላይ መስመር ሳበ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ምንም ሳይቀር ከደረቀ አየሩ ይቀባበታል። ካልደረቀ ወደ ቤት ነው። የእርጥበት መለኪያ ያለው ሰው ደግሞ በቁጥር ይሂድ፦ የሚቀባው ዕቃ ገጽ ጤዛ ከሚጀምርበት ሙቀት ቢያንስ በ3 ዲግሪ መብለጥ አለበት። መስመሩ ወዲያው ደረቀ።

መጀመሪያ የፕላስቲክ ፕራይመር፤ ቀለም ፕላስቲክን እንዲይዝ የሚያደርገው ስስ ፈሳሽ። በነሐሴ ይህ ጨርሶ አልነበረም። ቀጥሎ ሞላ ያለ ግራጫ ፕራይመር ሁለት እጅ። የስሊም ሽፋን ለስላሳ አይደለም፤ ደቃቅ ሸካራነት አለው። እንደ መኪና እንዲያበራ ከተፈለገ ያ ሸካራነት መሞላት አለበት። ፕራይመሩ ሲደርቅ ጥቁር ስፕሬይ ከሩቅ ብትን አደረገበት። ከዚያ በ800 ቁጥር ወረቀት በውሃ አሸው። ጥቁሩ ነጥብ የቀረበት ቦታ ጎድጓዳ ነው ማለት ነው። ነጥቡ ሁሉ እስኪጠፋ ይታሻል። ይህች ዘዴ ለዓይን የማይታየውን ሁሉ ታሳያለች። ቤቱ በቆርቆሮ ስፕሬይ የሚሠራ ሰውም ሊጠቀምባት ይችላል፤ እኔ ከዚህ ሥራ ሁሉ ይህቺን ነው የወደድኳት።

የላይኛውና የታችኛው ሽፋን ጎን ለጎን፣ በአንድ አቅጣጫ፣ በአንድ አቋም ተደረጉ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አንዱን አጋድሞ ሌላውን አቁሞ የቀባ ሰው፣ ሲገጥማቸው ሁለት የተለያየ ብር ያያል። ቅርፊቶቹ የሚተኙት ቀለሙ በመጣበት አቅጣጫ ነዋ።

ብሩ በስቶኪንግ ተጠለለ። አሉሚኒየም ከሥር ስለሚዘቅጥ በየመሃሉ ይበጠበጣል። የቆርቆሮ ስፕሬይ የያዘ ሰው ውስጧ ያለችው ኳስ መንኳኳት ከጀመረች በኋላ አንድ ሁለት ደቂቃ ያህል ይናጥ። ቆርቆሮው ከቀዘቀዘ ግፊቱ ይወርድና ይተፋል፤ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይቀመጣል። እሳት አጠገብ ግን በፍጹም። ይፈነዳል።

ቀቢው ትንሿን ጋን፣ የቀለም መንፊያዋን፣ ያዘ። መጀመሪያ ባዶ የሲዲ ሽፋን ላይ ሞከረ፣ ግፊቱን አስተካከለ፣ ደግሞ ሞከረ። ከዚያ አንድ ስስ እጅ ሰጠ። በአንድ ስንዝር ርቀት፣ እጁ ሳይቆም፣ እያንዳንዱ መስመር የቀደመውን ግማሽ እየሸፈነ። ጋኑን የሚከፍተው ዕቃው ጋ ሳይደርስ ነው፤ የሚዘጋውም ካለፈ በኋላ። ከመጀመሪያው እጅ በኋላ ግራጫው ገና ይታይ ነበር። ባለቤቱ «ጋሼ፣ አልያዘምኮ» አለው። «ተወው፣ ይይዛል» አለና ቁጭ አለ። እርጥቡ ብልጭታ ጠፍቶ ገጹ ደብዘዝ እስኪል ጠበቀ። አሥር ደቂቃ ገደማ። ሁለተኛ እጅ፣ እንደገና ጥበቃ። ሦስተኛ እጅ። አራተኛውን በእጥፍ ርቀት፣ ግፊቱን ቀንሶ፣ እንደ ካፊያ በተነው። የደመናው ምልክት ካለ የሚጠፋው በዚህ ነው። በነሐሴ ያልነበረውም ይኸው ነው።

ክዳኑን ወደ በሩ አዙሮ አየው። ብርሃኑ ከዳር እስከ ዳር አንድ ሆኖ ሄደ። «ማሻአላህ» አለ የጋራዡ ባለቤት። ማንም ሌላ ነገር አልጨመረም።

ትራንስፓረንቱ በዚህኛው ጊዜ ናይትሮ አይደለም። ሀርድነር ከሚባለው ማጠንከሪያ ጋር ሁለት ለአንድ የሚቀላቀለው፣ ለመኪና የሚውለው ነው። እሱም በዘገምተኛ ቲነር። የመጀመሪያው እጅ ስስ መሆን አለበት፤ እርጥብ ሆኖ ከወረደ ከሥር ያለውን ብር ያሟሟውና የተኙትን ቅርፊቶች ይቀሰቅሳል። ሁለተኛው ሞላ ይላል።

ስለ ሀርድነር አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። አብዛኛው የዚህ ዓይነት ሀርድነር አይሶሳይኔት የሚባል ኬሚካል አለበት። ትነቱ ሳንባን ያስቆጣል፤ ደጋግሞ የተነፈሰው ሰው አስም ሊይዘው ይችላል። አንዴ የያዘው ሰው ደግሞ ከዚያ በኋላ ለጥቂቱም ይታፈናል። አፍንጫ ላይ የሚታሰር ሻርፕ ምንም አይከለክልም። የኮሮና ማስክም አይከለክልም። ፊት ላይ ግጥም የሚል፣ ሁለት ማጣሪያ ጎንና ጎን ያለው ማስክ ዝቅተኛው ነው፤ አየር ከውጭ በቱቦ የሚያመጣው ይሻላል። የኮምቦልቻው ጋራዥ ባለ ማጣሪያው ነበረው። ቀቢው አጠለቀ፣ እኛን ሁላችንንም አስወጣ። ወንድሞቻችን፣ ልጆቻችን በየጋራዡ ይህን ትነት ባዶ አፍንጫ እየተነፈሱ ነው። ቤቱ ውስጥ ማሽን ለመቀባት ያሰበ ሰው ሀርድነር ያለበትን ይተው። የምለው ነገር ይኸው ነው፤ አማራጭም አላቀርብም።

መግጠሙ

ባለቤቱ በዚያው ቀን ይዞ ሊመለስ ነበር። ቀቢው ከለከለው። ላዩ በሰዓታት ይደርቃል፤ ውስጡ ግን አንድ ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ቀድሞ የተገጠመ ሽፋን የጣት አሻራ ይይዛል። እዚያው ጋራዥ ከአቧራ ርቆ ቆየ። በኋላ በ2000 ቁጥር ወረቀት በውሃ በስሱ ታሽቶ በፖሊሽ ተወለወለ። ሁለት የአቧራ እህሎች ነበሩበት፤ ጠፉ።

ስገጥመው ያየሁት ነገር አለ። ፕራይመሩ፣ ብሩና ትራንስፓረንቱ ተደማምረው የአንድ ሚሊሜትር አሥረኛ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይወፍራሉ። ምንም አይመስልም። ሽፋኖቹ የሚያያዙባቸው ጥርሶች ግን ለዚያ ውፍረት ቦታ የላቸውም። ከመቀባቱ በፊት የውስጥ ጠርዙን ሁሉ በወረቀት ፕላስተር ሸፍነን ስለነበር ያለ ችግር ገጠመ። አንዲት ጥርስ ብቻ ቀለም ገብቶባት በምላጭ ተፋቀች። የጎን መተንፈሻዎቹንም ማየት ያስፈልጋል። ቀለም ያጠበበው ቀዳዳ ማራገቢያውን ያደክማል።

ብዙ ሰው የጠየቀኝ ጥያቄ ዋይፋዩን አይዘጋም ወይ የሚል ነው። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አሉሚኒየም ሞገድ ይመልሳል። መኪና ሠሪዎች ከባምፐር ጀርባ ራዳር ሲያስቀምጡ የሜታሊክ ቀለሙን ዓይነትና ውፍረት የሚጠነቀቁት ለዚህ ነው። ራዳሩ ግን የሚሠራው በ77 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው። የጆይስቲኩ ብሉቱዝ በ2.4፣ የስሊም ዋይፋይ በ2.4 ወይም በ5 ነው። በዚያ ድግግሞሽ ስስ ሜታሊክ ብዙም አያስቸግርም። ቅርፊቶቹም እያንዳንዳቸው በቀለሙ ሙጫ ተከበዋል፤ ተገናኝተው አንድ ወጥ ቆርቆሮ አይሆኑም። በግምት እንዳይቀር ፕሌይስቴሽኑ ራሱ የኔትወርክ ሁኔታ ውስጥ የሚያሳየውን የሲግናል መቶኛ ከቀለሙ በፊትና በኋላ፣ ማሽኗን ያው ቦታ አስቀምጠን አየን። ልዩነት የሚባል አልነበረም። ጆይስቲኩም ከአግዳሚው ጫፍ ድረስ ይሠራል። የብረት ፎይል ወይም ክሮም የሚለጥፍ ሰው ግን በዚህ አይተማመን። ያኛው ወጥ ብረት ነው።

ጆይስቲኮቹንም እንድናደርግለት ለምኖን ነበር። ቀቢውም እኔም አልተስማማንም። ጌም ቤት ውስጥ ጆይስቲክ ቀኑን ሙሉ በላብ እጅ ይያዛል። የትኛውም ቀለም መዳፍ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቀድሞ ይሄዳል። የተላጠው ደግሞ ወደ ቁልፎቹ ዙሪያ ገብቶ ያጣብቃቸዋል። ማሽኗን ማንም አይነካትም፤ ስትበራና ስትጠፋ ብቻ ነው።

አሁን ወራት ሆኗታል። ጥጎቿ አልተላጡም። ክዳኑ ላይ ብርሃን ሲመታት የሚታዩ የፀጉር ያህል ጭረቶች አሉ፤ ደረቅ ጨርቅ የሠራው ነው። አሁን በእርጥብ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ትጠረጋለች። እኔን ብትጠይቁኝ ሙሉ አንጸባራቂ ከሚሆን ግማሽ ማት፣ ማለትም ደብዘዝ ያለ፣ ትራንስፓረንት ቢሆን ለጌም ቤት ይሻል ነበር፤ አሻራም ጭረትም ይደብቃል። ባለቤቱ አይስማማም። ልጆቹ ገብተው መጀመሪያ የሚያዩት እሷን ነው ይላል። እውነቱን ነው።

ሁለተኛዋን ማሽን ለማስቀባት ወስኗል፤ ለእሷ የከሰል ቀለም ያለው ሜታሊክ መርጧል። ቀቢው ሲሰማ ደስ አለው፤ ጠቆር ያለው ይታዘዝለታል። ቀን ግን አልቆረጠም። የወሎ በልግ አይታመንም፣ ዝናቡ ይውጣና ጨርቄን ይዤ እነግርሃለሁ ነው ያለው።